የቆዩ የሕክምና መጻሕፍትና መሣሪያዎች በአንድ ሣጥን?

ጥያቄ፦ በሕክምና ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የ1800ዎቹን የአካል ጥናት መጻሕፍትና የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች በአንድ የመስታወት ሣጥን ለሦስት ወር ማሳየት ይቻላል?

መልስ 1፦ መጻሕፍቱን ይቻላል፤ ብርሃኑ ግን ከ50 ለክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) አይብለጥ። በእጅ የተቀለመ ሥዕል ቶሎ ይደበዝዛል፣ ከደበዘዘ አይመለስም። መጽሐፉን 180 ዲግሪ አትዘርጉት፣ ጀርባው ይሰነጠቃል። ከ120 በታች ክፈቱና ሁለቱንም ሽፋኖች በድጋፍ አሳርፉ። ገጹን በፖሊኤቲሊን (የፕላስቲክ ዓይነት) ጥብጣብ ያዙ። ፕላስተር በፍጹም!

መልስ 2፦ እኔ ለየብቻ ባይ ነኝ። ብረት ደረቅ አየር ይፈልጋል፤ የቆዳ ሽፋን ግን ሲደርቅ ይኮማተራል። የኦክ እንጨት ሣጥንም ይቅር፤ ከእንጨቱ የሚተነው አሴቲክ አሲድ (የኮምጣጤ አሲድ) እርሳስ የተባለውን ብረት ይበላል።

መልስ 3፦ የመድኃኒት ጠርሙስ አለበት? ፒክሪክ አሲድ (ድሮ ለቃጠሎ ሕክምና ያገለግል የነበረ ኬሚካል) ከደረቀ ሊፈነዳ ይችላልና ክዳኑን ሳትነኩ ባለሙያ ጥሩ።