«መሐረቡ ነጭ ሆኖ ወጣ»፦ አዲስ የናፍጣ መኪና ያኮራል ወይስ ያሳፍራል?

አስፋልት ዳር፦
ባለ ዋገኑ የተባሉት አባላችን ስለ አዲሲቱ ትንሽ የናፍጣ ስቴሽን ዋገናቸው የጻፉትን የሦስት ሳምንት ትዝብት ትናንት ማታ አነበብኩ። ስለ ዕቃ መጫኛዋ ስፋትና ከ1,700 ዙር ጀምሮ ስለሚሰማው ጉልበቷ ያሉት ቅር አላሰኘኝም፤ አዲስ መኪና የገዛ ሰው ቢደሰት ማንም አይከፋም። የመጨረሻው አንቀጽ ግን ከአልጋዬ አስነሥቶኛል። «ሞተሩ ሞቆ ሳለ ንጹሕ ነጭ መሐረብ በማርሚታው አፍ ላይ ለአምስት ደቂቃ ያህል ይዤ ነበር፤ መሐረቡ ነጭ ሆኖ ወጣ። ናፍጣን ከከተማ አስወጡልን እያሉ የሚጮኹ ሰዎች ይህን አይተው ይፈሩ» ይላሉ።

ከሚጮኹት አንዱ እኔ ነኝ። መስኮቴ ወደ አውራ ጎዳና የሚከፈት በመሆኑ ለመጮኽ በቂ ምክንያት አለኝ። መሐረብ የሚይዘው ጥቀርሻን ነው፤ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ግን ጋዝ ስለሆነ መሐረቡን ሳያቆሽሽ አልፎ በቀጥታ ወደ ሳንባ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስ ካንሰር አምጪ መሆኑ ከተረጋገጠ ነገሮች ተርታ የመደበው በመሐረብ ፈትኖ አይደለም።

ባለ ዋገኑ፦
የተከበሩ አስፋልት ዳር፣ ጽሑፌን ሙሉውን አንብበው አንዲት መሐረብ ብቻ ይዘው መውጣትዎ አስገርሞኛል። ከጭስ ማውጫው ሽቶ ይወጣል አላልኩም። ያልኩት፣ ሰው ናፍጣ ሲባል በዓይነ ኅሊናው የሚያየው ጥቁር ደመና ከእኔ መኪና አይወጣም ነው። በ2012 የተነገረው ውሳኔ የተመሠረተው በአብዛኛው የጥቀርሻ ማጥሪያ ባልነበራቸው የቀድሞ ሞተሮች ጭስ ለዓመታት ሲታጠኑ በኖሩ ሠራተኞች ላይ በተደረገ ጥናት መሆኑን ለምን አይጨምሩም? በአውሮፓ የጭስ ደረጃዎች ዩሮ 3 የሚባለው የናፍጣ መኪና በኪሎ ሜትር 500 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን ኦክሳይድ (እርስዎ ያነሡት ዳይኦክሳይድ ያለበት የጋዝ ወገን) እንዲያወጣ ይፈቀድለት ነበር፤ የእኔ ዩሮ 6 የተፈቀደላት 80 ነው። የለንደን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2019 አነስተኛ የብክለት ቀጠና ስታውጅ ዩሮ 6 ናፍጣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይግባ ብላለች። ሐምቡርግም በ2018 በአንድ ጎዳናዋ ላይ የናፍጣ መኪና ስትከለክል ከዩሮ 6 በታች ያሉትን ነው የከለከለችው። ከተሞቹ ራሳቸው የለዩትን እርስዎ በአንድ ከረጢት ይጨምሩታል።

ሩቅ ተጓዥ፦
ባለ ዋገኑን እደግፋለሁ፤ በሳምንት አምስት ቀን ረጅም መንገድ የምሄድ ሰው ነኝና የምናገረው ከመሪው ጀርባ ሆኜ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ወደ 2.64 ኪሎ ግራም፣ አንድ ሊትር ቤንዚን ደግሞ ወደ 2.3 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ናፍጣው በሊትር የሚበልጥ ቢመስልም ባለ ዋገኑ በጻፉት 4.7 ሊትር ለመቶ ኪሎ ሜትር ብናሰላው በኪሎ ሜትር 124 ግራም ገደማ ይሆናል። ያንኑ የሚያህል የቤንዚን ዋገን ዕቃ ጭኖ 6.2 ሊትር ቢጠጣ 143 ግራም ያወጣል። የዓለም ሙቀት ያሳስበናል የሚሉ ሰዎች ይህን ቁጥር ሲያዩ ዓይናቸውን የሚጨፍኑት ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ሰዋስው ወዳጅ፦
ይቅርታ፣ ክርክሩን ማቋረጤ አይደለም። «አይተው ይፈሩ» የተባለው ከማፈር ነው ወይስ ከመፍራት? ከመፍራት ከሆነ «ይፍሩ» መባል ነበረበት።

አስፋልት ዳር፦
ከማፈር ነው፤ እኔ ግን በሁለቱም ተረድቼዋለሁ።

ወደ ለንደን እንመለስ፤ ባለ ዋገኑ ራሳቸው ያነሡት ምስክር በራሳቸው ላይ መስክሯልና። ያ ቀጠና በነጻ የሚያስገባው የናፍጣውን ዩሮ 6 እና የቤንዚኑን ዩሮ 4 ነው። ለምን ይመስልዎታል? ዩሮ 4 የቤንዚን መኪና የተፈቀደለት ናይትሮጅን ኦክሳይድም 80 ሚሊ ግራም ስለሆነ ነው። ያ ደንብ በሥራ ላይ የዋለው በ2005 ሲሆን የናፍጣው ዩሮ 6 የመጣው በ2014 ነው። አዲስ ብለው የሚኮሩበት ንጽሕና ቤንዚን ከዘጠኝ ዓመት በፊት የደረሰበት ነው፤ ዛሬ ቤንዚኑ 60 ላይ ነው። በዚያ ላይ ይህ ሁሉ የቤተ ሙከራ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 ቮልስዋገን ፈተና ላይ መሆኑን እያወቀ ጨዋ የሚሆን፣ መንገድ ላይ ግን እንደ ልቡ የሚለቅ ሶፍትዌር በ11 ሚሊዮን ያህል መኪናዎች ላይ መጫኑ ሲጋለጥ፣ እነዚያም መኪናዎች በወረቀት ንጹሓን ነበሩ። የእነርሱም መሐረብ ነጭ ሆኖ በወጣ ነበር፤ ማጥሪያው ይሠራ ነበርና!

ባለ ዋገኑ፦
አንድ ድርጅት ስለሰረቀ ሞተሩ ሌባ አይባልም። ከዚያ ቅሌት በኋላ ከ2017 ጀምሮ አዳዲስ ሞዴሎች መለኪያ ከኋላቸው ተጭኖ በእውነተኛ መንገድ ላይ መፈተን ጀምረዋል።

አስፋልት ዳር፦
ጀምረዋል፤ ከገደቡ 2.1 እጥፍ እንዲያወጡ እየተፈቀደላቸው። ማለትም 168 ሚሊ ግራም። ዘግይቶ ወደ 1.43 እጥፍ እስኪወርድ ድረስ «80» የሚለው ቁጥር ለማስታወቂያ ብቻ የሚያገለግል ነበር።

የጋራዥ ሰው፦
ሁለታችሁም በመሐረቡ ላይ ውሃ እየወቀጣችሁ ነውና እጄን ላስገባ። ባለ ዋገኑ ያደረጉት ሙከራ አንድ ነገር በትክክል ያሳያል፦ የጥቀርሻ ማጥሪያው አልተሰነጠቀም፣ አልተነቀለምም። ማጥሪያው ተነቅሎ ባዶ ቧንቧ የተበየደበት መኪና ቢሆን መሐረቡ በግማሽ ደቂቃ ከሰል ይመስል ነበር። እንዲያውም ማጥሪያ በሌለው ዘመናዊ የቤንዚን ሞተር፣ ነዳጁ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ በሚረጭበት ዓይነት፣ የማርሚታው አፍ ውስጥ ጣት ቢያስገቡ ከዚህ ናፍጣ ይልቅ ጠቁሮ ይወጣል። ይህን ለአስፋልት ዳር እላለሁ።

ለባለ ዋገኑ ደግሞ የምለው አለኝ። ጥቀርሻው አልጠፋም፤ ማጥሪያው ውስጥ ተጠራቅሟል። ማጥሪያው ሲሞላ ኮምፒውተሩ ተጨማሪ ናፍጣ ይረጭና የጭሱን ሙቀት ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አድርሶ ጥቀርሻውን ያቃጥለዋል። ለዚህም አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ያልተቋረጠ ጉዞ ይፈልጋል። ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ሞተር አጥፍቶ፣ ከሰዓት በኋላ ዳግመኛ ሦስት ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ያንን ደቂቃ አይሰጠውም። ቃጠሎው በተቋረጠ ቁጥር ያልነደደው ናፍጣ በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። መኪናውን ሲያቆሙ ማራገቢያው ብቻውን መዞሩን ከቀጠለና የጋለ ብረት ከሸተተዎ፣ ያቋረጡት እሱን ነው። ደርሶብዎታል?

ባለ ዋገኑ፦
ባለፈው ማክሰኞ ደርሶብኛል። ሞተሩ ጠፍቶም ማራገቢያው ሲዞር ሰምቼ ሙቀት ይሆናል ብዬ ትቼው ገባሁ። በሦስቱ ሳምንታት ከነዳሁት 1,900 ኪሎ ሜትር ውስጥ አብዛኛው ረጅም መንገድ ቢሆንም፣ አጭር አጭር የምነዳባቸው ቀናት መኖራቸውን አልክድም።

ሩቅ ተጓዥ፦
ታዲያ ይህ የአነዳድ ጉዳይ እንጂ የናፍጣ ኃጢአት አይደለም።

አስፋልት ዳር፦
የአነዳድ ጉዳይ! በ2010ዎቹ መጀመሪያ በምዕራብ አውሮፓ ከሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች ከግማሽ በላይ ናፍጣ ነበሩ። ያ ሁሉ ገዢ እንደ እርስዎ በሳምንት አምስት ቀን አገር አቋራጭ ነበር? ማጥሪያውን የሚያንቀው ከተማ ውስጥ የሚርመሰመሰው ነው፤ መስኮቴ ሥር የሚቆመውም እሱ ነው።

ከፍ ያለ ወንበር፦
እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። በዚህ ዘመን ዋገን የሚገዛ አለ? ከፍ ያለ መኪና መንገዱን ከሩቅ ያሳያል፣ ለመውጣትና ለመውረድም ወገብ አያስቸግርም። ዕቃ ከበዛ ደግሞ ፖርቶመጋላ ይጫናል።

ባለ ዋገኑ፦
በዚህ እንኳ አልሸነፍም። የኋላው ወንበር ሲታጠፍ የመጫኛው ርዝመት 1.6 ሜትር ገደማ ነው፤ ደፉም ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። የመጻሕፍት መደርደሪያ ብቻዬን አንሥቼ በደረቴ እየገፋሁ ያስገባሁት በዚህ ምክንያት ነው። ያንን መደርደሪያ በእርስዎ ከፍ ያለ ወንበር ጣሪያ ላይ ለመስቀል ሁለት ሰውና አንድ መሰላል ያስፈልጋል። ከተሰቀለ በኋላም ነፋሱን እየገፋ ነዳጅ ይጨርሳል። ወንበርዎ ከፍ ያለው መኪናው ከፍ ስላለ ነው፤ ነፋሱም ይህን ያውቃል።

ሰዋስው ወዳጅ፦
በመጀመሪያው ጽሑፍ «ኮምፒውተሩ 4.3 ሊትር ይላል» ተብሎ ነበር፤ ሩቅ ተጓዥ ግን 4.7 አሉ። የትኛው ነው?

ባለ ዋገኑ፦
ሁለቱም በጽሑፌ አሉ። ክሩስኮቱ ላይ የሚነበበው 4.3 ነው፤ ሰልባትዮውን እስከ አፉ ሞልቼ፣ ነድቼ፣ እንደገና ሞልቼ ሳካፍለው 4.7 መጣ።

አስፋልት ዳር፦
እንግዲያው መኪናዎ ስለ ራሷ ስትናገር ወደ ዘጠኝ በመቶ ያህል ታሞግሳለች ማለት ነው። ስለ ጠጣችው ነዳጅ ካልታመነች ስለምትተነፍሰው ጋዝ መሐረብ ይዤ ልመናት?

ሩቅ ተጓዥ፦
ይህ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። የቤንዚን መኪና ኮምፒውተርም ያሞግሳል። ደግሞ እርስዎ ስለ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ሲያወሩ ስለ አድብሉ አንድም ቃል አለመተንፈስዎ በአጋጣሚ ነው? 32.5 በመቶ ዩሪያ ያለበት ያ ፈሳሽ ጭሱ ላይ ሲረጭ ናይትሮጅን ኦክሳይዱን ወደ ተራ ናይትሮጅንና ውሃ ይለውጠዋል። ፈሳሹ ካለቀ መኪናዋ አንዴ ከጠፋች በኋላ አትነሣም፤ ሕጉ እንደዚያ ነው የሚያሠራት። ከዚህ በላይ ምን ታድርግልዎ?

የጋራዥ ሰው፦
አድብሉ ጥሩ ነው፤ ግን ጭሱ ወደ 200 ዲግሪ ካልተጠጋ ስለማይረጭ በቀዝቃዛ ሞተርና በአጭር መንገድ ላይ ሥራው ትንሽ ነው። እዚህ ላይ አስፋልት ዳር አልተሳሳቱም፤ መስኮታቸው ሥር ያለፈው መኪና ገና ያልሞቀ ሊሆን ይችላል። ረጅም መንገድ ላይ ደግሞ እውነቱ የሩቅ ተጓዥ ነው። ሁለታችሁ የምትከራከሩት ስለ አንድ ሞተር ቢሆንም ስለ ሁለት የተለያዩ ሰዓቶች ነው።

ባለ ዋገኑ፣ ማራገቢያው ያለ ምክንያት ስላልዞረ ነገ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁመው የዘይት መለኪያ ዘንጓን ይምዘዙ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ከሆነ አይደሰቱ፤ የጨመረው ናፍጣ ነው።

አስፋልት ዳር፦
ሁለቱን ሰዓቶች እቀበላለሁ፤ የእኔ መስኮት የሚያውቀው ግን አንዱን ብቻ ነው። ስለዚህ ከተማ ውስጥ አይግቡ ማለቴን አልተውም።

ሩቅ ተጓዥ፦
ከመንገዱ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ከተማ አለ። ረጅሙን መንገድ ከየት ተነሥቼ የት ልጨርሰው?

ባለ ዋገኑ፦
ዘንጓን ዛሬ ጠዋት መዘዝኩ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት በታች፣ ከመካከለኛው ትንሽ ከፍ ብሎ ነው ያገኘሁት። ጨርቅ ስላልያዝኩ ዘንጓን የጠረግሁት በኪሴ በነበረው በዚያው መሐረብ ነው፤ እውነቱን ለመደበቅ ስለማልፈልግ እናገራለሁ፣ ጥቁር ሆኗል።

አስፋልት ዳር፦
መጨረሻ ላይ ጠቆረ! ትናንት ነጭነቱ ማስረጃ ከነበረ ዛሬ ጥቁረቱ ምን ሊባል ነው?

የጋራዥ ሰው፦
ምንም። የናፍጣ ሞተር ዘይት በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ይጠቁራል፤ ጥቀርሻውን ተሸክሞ መያዝ ሥራው ነው። ዋናው ልኩ ነው፤ ልኩ ደህና ነው። በወር በወሩ ይዩት፤ መሐረቡን ግን ይተዉትና ጨርቅ ይያዙ።

ሰዋስው ወዳጅ፦
ስለዚህ የሚያፍረው ማን ሆነ?

ባለ ዋገኑ፦
እስካሁን ማንም አላፈረም። መሐረቡን ዘፍዝፌዋለሁ።