ቀይ ባህር ላይ ዶልፊን የማያሳድድ ጀልባ እንዴት ልምረጥ?

ሰላም ለሁላችሁ። አሁን ግብፅ፣ ሁርጋዳ ነኝ። ባህር ውስጥ በነጻነት ከሚኖሩ ዶልፊኖች ጋር መዋኘት የቆየ ምኞቴ ነው።

ትናንት በቱሪስት ጀልባ ወጣን። ዶልፊኖቹ ብቅ ሲሉ አካባቢው ያሉት ጀልባዎች ሁሉ ከበቧቸው። ካፒቴናችን መንገዳቸው ላይ እየቀደመ «ዝለሉ! ዝለሉ!» ይለናል። እኔ አልገባሁም። ግልገል የያዘች እናት ነበረች፤ ስትሸሽ ማየት በጣም ከበደኝ። አስጎብኚውን ራቅ እንድንል ብጠይቀው «ሁሉም የሚያደርገው እንዲህ ነው» አለኝ።

አሁን ወደ ደቡብ ወርጄ፣ ማርሳ አላም ከተማ አጠገብ ያለውን ሳማዳይ ሪፍ (ባህር ውስጥ ያለ የኮራል አለት) ልሞክር አስቤያለሁ። እዚያ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቦታው ተከፋፍሏል። ዶልፊኖቹ የሚያርፉበት ክፍል ሰውም ጀልባም አይገባም። እዚያ ያሉት ስፒነር የሚባሉ ዶልፊኖች ሌሊት አድነው ቀን ስለሚያርፉ ክልከላው ተገቢ ነው። ችግሩ፣ የደወልኩላቸው የጀልባ አስጎብኚዎች ሁሉ «ሕግ እናከብራለን» ብቻ ይሉኛል፤ ዝርዝር የለም። አንዱ ጭራሽ «ዶልፊን ትነካለህ» ብሎ ቃል ገባልኝ፤ እሱን ወዲያው ተውኩት። ዋና ብዙም ስለማልችል በላይፍ ጃኬት ነው የምገባው።

ሳማዳይ የሄዳችሁ፣ ሕጉን በእውነት የሚያከብረውን ጀልባ ለመለየት ከመክፈሌ በፊት ምን ብዬ ልጠይቃቸው?