አልቤንዳዞል አልሠራልኝም፤ ትሉ መድኃኒቱን ለምዶት ይሆን?

ጠያቂ (ሞላሌ)፦
ወደ 40 የመንዝ በጎች አሉኝ፤ የሚውሉት ጨፌ ላይ ነው። ኅዳር መግቢያ ላይ ባለ 300 ሚሊግራም አልቤንዳዞል ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ፍሬ ሰጠሁ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አራቱ አገጫቸው ሥር ውሃ ቋጠሩ፤ ተቅማጥ የያዛቸውም አሉ። ወደ ፌንቤንዳዞል ልቀይር?

መልስ 1፦
ሁለቱ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ አንዱን የለመደ ትል ሌላውንም አይፈራም። ወገኑ የሚለየው ሌቫሚዞል ወይም አይቨርሜክቲን ነው። (ቴትራሚዞልና ሌቫሚዞልም ያው የአንድ ወገን ናቸው፤ ነጋዴ "አዲስ ገባ" ቢልህ እንዳትሸወድ።)
ከሁሉ በፊት ግን ግማሿን ፍሬ እንያት። 150 ሚሊግራም ለ25 ኪሎ በግ በኪሎ 6 ይደርሳል። ለሆድ ትል 5 ስለሚበቃ ይሁን፤ የጉበት ትል ግን 7.5 ይፈልጋል። 35 ኪሎ ለሚመዝን አውራ ደግሞ 4.3 ብቻ ነው፣ ለሁለቱም አይበቃም። ደካማውን ትል ገድሎ ጠንካራውን ለዘር የሚያስቀረው እንዲህ ያለ ጎደሎ መጠን ነው። በዓይን አትገምት፣ በተንጠልጣይ ሚዛን መዝን። ፍሬውንም ከምላሱ ጀርባ አስገባና እስኪውጥ ጠብቅ፤ በግ ጉንጩ ውስጥ ይዞ ዞር ስትል ይተፋዋል። ካረገዘች ወር ላልሞላት በግ አልቤንዳዞል አይሰጥም።

መልስ 2፦
ጨፌ ካልክ እኔ የምጠረጥረው የጉበት ትልን ነው። በመስከረምና በጥቅምት ከረግረጉ ሣር ጋር የገባው ጮርቃ ትል በኅዳር ገና ጉበቱን እየቦረቦረ ነው። አልቤንዳዞል የሚገድለው ሦስት ወር ገደማ የሞላውን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጮርቃው መድኃኒቱን ለምዶ ሳይሆን ድሮም ስለማይነካው ነው የተረፈው። ትሪክላቤንዳዞል በኪሎ 10 ሚሊግራም ጮርቃውንም ይጨርሳል፤ የሆድ ትልን ግን አይነካም። ለገና ያሰብከው ሙክት ካለ ከእርድ በፊት ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት ማሸጊያው ላይ ሳታነብ እንዳትሰጠው።

መልስ 3፦
መላመዱን በግምት ከምንከራከርበት በበጠጡ ውስጥ ያለው የትል እንቁላል ይቆጠር። አሥር በጎች ምልክት አድርግባቸው፤ በምታክምበት ቀን ከእያንዳንዳቸው ፊንጢጣ በጓንት ትኩስ በጠጥ ውሰድ፤ ልክ በ14ኛው ቀን ከእነዚያው ድገም። መሬት የወደቀ አትልቀም። በቀዝቃዛ ሳጥን በዚያው ቀን ላብራቶሪ ይድረስ፤ ከሞቀ እንቁላሉ ይፈለፈልና ቁጥሩ ይሳሳታል። ለምሳሌ አማካዩ ከ800 ወደ 200 ቢወርድ ቅነሳው 75 በመቶ ነው። በትክክለኛ መጠን ታክመው ከ95 በታች ከሆነ መላመድ አለ ማለት ነው። የጉበት ትል እንቁላል ከባድ ስለሆነ በተለመደው የማንሳፈፊያ ዘዴ አይታይም፤ በማዝቀጥ እንዲመረመር ለይተህ ንገራቸው።

ጠያቂ፦
እሺ፣ ሁሉንም ድጋሚ ላክማቸው?

መልስ 1፦
ለጉበት ትል ከሆነ ጨፌው ላይ የዋሉትን በሙሉ። ለሆድ ትል ግን የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልብጠህ እያየህ የነጣበትን፣ ተቅማጥ የያዘውንና የከሳውን ብቻ አክም፤ ቀይና ወፍራሙን ተወው። በበጋ ሜዳው ደርቆ እጭ በሌለበት ጊዜ መንጋውን በሙሉ ካከምክ በሕይወት የሚቀረው የለመደው ትል ብቻ ነው፤ ክረምት ሲገባ ሜዳውን የሚሞላውም የእሱ እንቁላል ይሆናል።