ጥያቄ፦ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንጨት ካሜራ ገዛሁ፣ ከየት ልጀምር?

ማሂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ለንደን ነው። እሑድ ገበያ ላይ የድሮ የእንጨት ካሜራ አይቼ አላስችል አለኝና ገዛሁት። እንጨቱ ማሆጋኒ፣ ሌንሱ ናስ፣ መሀሉ እንደ ወናፍ የሚታጠፍ ቆዳ ነው። ሌንሱ ፊት የተገጠመችው ትንሽ ሳጥን ላይ «ቶርንተን ፒካርድ፣ አልትሪንቻም» ተጽፏል። በውስጧ ያለው ጥቁር ጨርቅ ተቀዷል። ፎቶ የሚነሳበት መስታወት መያዣው 12 በ16.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሻጩ «ናሱን በፖሊሽ፣ እንጨቱን በአልኮል አጽጂው» ብሎኛል። እናቴ ለፋሲካ ከአዲስ አበባ ትመጣለች፤ በዚህ ካሜራ አንድ ፎቶ ላነሳት ጓጉቻለሁ።

አናጢው፦
ማሂዬ፣ እባክሽ አልኮሉን አስቀምጪው! የዚያን ዘመን እንጨት ብዙውን ጊዜ የሚቀባው ሼላክ የሚባል ቫርኒሽ ነው፤ አልኮል ሲነካው ይሟሟል። ናሱም ላይ ስስ ቫርኒሽ አለ፤ ፖሊሽ ይልጠዋል። ለስላሳ ብሩሽና ደረቅ ጨርቅ ይበቃል።

የድሮ ፎቶ፦
ቶርንተን ፒካርድ የሚባለው የካሜራ ፋብሪካ ከማንቸስተር ወደ አልትሪንቻም ከተማ የተዛወረው እ.ኤ.አ. በ1891 ስለሆነ ሳጥኗ ከዚያ ወዲህ የተሠራች ናት። ግን ሳጥኗ መዝጊያ ብቻ ናት፤ ጨርቋ ለብርሃን የምትከፍትና የምትዘጋ። ለብቻዋም ትሸጥ ስለነበር ሌላ ሰው በሠራው ካሜራ ላይም ትገኛለች። ስለዚህ የካሜራው ሠሪ ስም አካሉ ላይ እንዳለ ፈልጊ። የመስታወቱ መጠን እንግሊዞች ሀፍ ፕሌት የሚሉት ነው።

ጨለማ ክፍል፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ወናፉን ፈትሺ። ማታ መብራት አጥፍተሽ ትንሽ ባትሪ ውስጡ አብሪና ከውጭ እጥፋቶቹን እያዞርሽ እዪ። የሚበሱት ጥጎቹ ናቸው። ቀዳዳ ካገኘሽ ስስ ጥቁር ቆዳ ለጥፊበት፤ ወፍራም ፕላስተር ካደረግሽ ግን ካሜራው አልዘጋም ይላል።

ለተቀደደው ጨርቅ አትጨነቂ። ሳጥኗን አውልቀሽ የሌንሱን ክዳን በእጅሽ ክፈቺ፣ ዝጊ፤ ያኔም ብዙዎች እንዲያ ነበር የሚያነሱት። በመስታወቱ ፋንታ የጥቁርና ነጭ ፎቶ ማተሚያ ወረቀት፣ ቀይ መብራት ብቻ በበራበት ጨለማ ክፍል ቆርጠሽ፣ የድሮውን መስታወት በሚያክል ብርጭቆ ላይ ለጥፈሽ መያዣው ውስጥ አስገቢ። ወረቀቱ ወደ ሌንሱ ይዙር። ሲታጠብ ነጋቲቭ ይሆናል፤ ማለትም ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ወረቀቱ ብርሃን ቶሎ አይቀበልም፤ ደመናማ ቀን ደጅ ላይ፣ የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 16 ላይ አጥብበሽ፣ 1 ሰከንድ ያህል ሞክሪ። እናትሽ ወንበር ላይ ተደግፈው ይቀመጡ።

የድሮ ፎቶ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ወረቀቱ ቀይ ብርሃንን አያይም፤ ስለዚህ የእኛ ሰው ፊት ከእውነተኛው ይልቅ ጠቆር ብሎ ይወጣል። ነጭ ነጠላ ደግሞ ቦግ ይላል። የፊታቸውን ብርሃን ለክተሽ ሌንሱ የሚከፈትበትን ጊዜ ትንሽ ጨምሪ፤ ነጠላውም ጥላ ውስጥ ይሁን።

ማሂ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ማታ ሞከርኩት፤ ታችኛው ጥግ ላይ ሁለት ቦታ እንደ ኮከብ አበራ። ዛሬ ስስ ቆዳ ፍለጋ ልወጣ ነው። እማዬን በር ላይ፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጣታለሁ፤ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ብቻ ጣል ታደርጋለች።