ለተጎታች ኩሽና የጋዝ መስመር አዘረጋግ (ጎንደር)

የአዘዞ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። 3 በ2 ሜትር ተጎታች ላይ ኩሽና እየተሠራ ነው፣ የውስጥ ቁመቱ 2.10 ሜትር። ቱቦላሬው ተበይዷል፣ ላሜራው ገና አልለበሰም፤ የሚቀየር ካለ ጊዜው አሁን ነው። አዘቦት ቀን ፒያሳ፣ ለጥምቀት ፋሲል መዋኛ አካባቢ ይቆማል። ምድጃው ለጥብስና ለሽሮ ሁለት ባለ 6 ኪሎዋት፣ ለሻይ አንድ ባለ 3 ኪሎዋት ነው። ሲሊንደሩ ሁለት ባለ 12.5 ኪሎ። በያጁ «ቱቦ እንዲያጥር ሲሊንደሮቹን ምድጃው ሥር እናስቀምጥ» ይላል። ያስኬዳል? መስመሩስ መዳብ ይሁን ጎማ?

ጋዝ ገጣሚ፦
ምድጃ ሥር በፍጹም አይሆንም። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ፕሮፔን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቡቴን ሁለት እጥፍ ገደማ። ሲያፈስ ወለል ላይ ይተኛል እንጂ በመስኮት አይወጣም። የክፍልህ ይዘት 12.6 ሜትር ኩብ ነው። አየሩ ውስጥ 2 በመቶ ገደማ ጋዝ ሲገባ ክብሪት ይበቃዋል፤ ለዚህ ክፍል ያ ማለት ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ጋዝ ነው። ወለሉ ላይ ብቻ ሲከማች ደግሞ ከዚያም ያነሰ።

ስለዚህ መጎተቻው በኩል ከውጭ ብቻ የሚከፈት የላሜራ ሳጥን አሠራ። 80 በ45 ሴ.ሜ. ለሁለቱ ይበቃል። ከኩሽናው ጋር የሚገናኝበት አንድም ቀዳዳ አይኑር፤ ቧንቧው የሚያልፍበት እንኳ በጎሚኒ ይታሸግ። የሳጥኑ ወለል ላይ ቢያንስ 100 ካሬ ሴ.ሜ. ክፍት ቦታ ያስፈልጋል፣ 10 በ10 ማለት ነው። ባትሪ፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ አምፖል እዚያ ውስጥ አይግባ። ሲሊንደሮቹ ቆመው በሁለት ቦታ ከላይና ከታች በቺንጋ ይታሰሩ። የተኛ ሲሊንደር ፈሳሹን ወደ ሬጉሌተር (ግፊት መቀነሻው) ይልካል፤ ፈሳሹ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ደግሞ ከ250 እጥፍ በላይ ይሰፋል።

መዳብ ወይስ ጎማ ላልከው፣ ሁለቱም፣ በየቦታቸው። ከሲሊንደር እስከ ሬጉሌተር ወይም ከሬጉሌተር እስከ ቧንቧ ያለው አጭር ጎማ ይሁን፣ ለጋዝ የተሠራ መሆኑና የተሠራበት ዓመት የተጻፈበት። የውሃ ቱቦ አትጠቀም፤ ጋዙ ያደርቀውና ይሰነጠቃል። ከዚያ ወዲያ መዳብ። ዋናው መስመር 10 ሚ.ሜ.፣ ወደ እያንዳንዱ ምድጃ የሚገባው 8 ሚ.ሜ. ይሁን። ዋናውንም 8 ካደረግኸው ሦስቱ አንድ ላይ ሲከፈቱ ግፊቱ ይወርድና መጨረሻ ላይ ያለው ምድጃ ይደክማል። በየ50 ሴ.ሜ. ጎማ በለበሰ ማሰሪያ ይያዝ፤ ብረት ላይ የሚፋተግ መዳብ በእኛ መንገድ ላይ ብዙ አይቆይም። መገጣጠሚያው በዳዶ የሚጠብቅ ይሁን እንጂ በቆርቆሮ ብየዳ አይሁን፣ እሳት ሲነካው ቀልጦ ይለቃል። ለእያንዳንዱ ምድጃ የየራሱ መዝጊያ ቫልቭ ግጠም።

ሙቀት አጥኚ፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ። የቀረው የከፍታው ጉዳይ ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ለቆላ የተስተካከለ ምድጃ እዚህ ነበልባሉ ጫፉ ይቢጫል፣ ድስቱ ይጠቁራል፣ የማይሸት የማይታይ መርዝ ጭስም ያመነጫል። የአሜሪካ የጋዝ ደንብ ልማድ በየ300 ሜትሩ የምድጃውን ጉልበት 4 በመቶ መቀነስ ነው፤ በእኛ ከፍታ 28 በመቶ ይደርሳል። መጀመሪያ የአየር ማስገቢያውን ክፈተው። ነበልባሉ ሰማያዊ ካልሆነ አነስ ያለ ኖዝል (ጋዙ የሚወጣበት ባለ ቀዳዳ ጫፍ) ቀይር፤ ነባሩን በመርፌ እየጎረጎርክ አታስፋው። (ውሃ እዚህ በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ሽሮው ሲዘገይ ሰው ነበልባሉን ይጨምራል። ነበልባሉ ጥፋት የለበትም፣ ክዳን ይበቃል።)

የፍጆታው ስሌት ይህ ነው፦ አንድ ኪሎ ጋዝ 12.8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። የአንተ 15 ኪሎዋት በሰዓት 1.2 ኪሎ ገደማ ይበላል። ይህን ከአንድ ሲሊንደር ብትስብ በጥር ብርድ ሲሊንደሩ አመዳይ ይለብስና ግፊቱ ይወድቃል። ሁለቱን አንድ ላይ አገናኝና ሸክሙን ይካፈሉ። ሬጉሌተሩ በሰዓት ቢያንስ 1.5 ኪሎ የሚያሳልፍ፣ የሚያወጣውም ግፊት ምድጃው ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆን አለበት፣ ብዙውን ጊዜ 30 ሚሊባር ነው። የሚስተካከለውን ባለ ከፍተኛ ግፊት ሬጉሌተር እዚህ አትግጠም። አመዳይ የያዘ ሲሊንደር ላይ ፈላ ውሃ የሚያፈስ አለ፤ እባካችሁ ተዉት።

የአዘዞ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። በታች በተከፈተው ቀዳዳ አቧራና አይጥ አይገባም? ፍተሻውንስ በምን ላድርገው?

ጋዝ ገጣሚ፦
ወንፊት አልብሰው፣ ወንፊቱ ቦታ ስለሚበላ ግን ቀዳዳውን 12 በ12 አድርገው። ብርድ ነው ብሎ በጨርቅ የሚወትፍ እንዳይኖር ለሠራተኞቹ ንገራቸው። ኩሽናው ወለል ላይም አንድ ይኑር፣ ከላይ ደግሞ የጭስ መውጫ። ስትቆም ቀዳዳው ከቦይ ወይም ከተከፈተ ጉድጓድ በላይ እንዳይሆን፤ ጋዝ ቁልቁል ይፈስሳል፣ እዚያ ይጠራቀማል። ጄነሬተሩን ከሳጥኑ ቢያንስ 3 ሜትር አርቀው።

ለፍተሻ ዋናው መስመር ላይ ቲ (ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ) አስገብተህ በብሎን የሚታሸግ አፍ አውጣ። ግልጽ ቱቦ እንደ ዩ አጥፈህ እግሮቹን 50 ሴ.ሜ. አድርጋቸው፣ ግማሽ ድረስ ውሃ ሙላና አፉ ላይ ሰካው። ምድጃዎቹን ዘግተህ ሲሊንደሩን ክፈት፤ የሁለቱ ውሃ ልዩነት ከ28 እስከ 36 ሴ.ሜ. መሆን አለበት፣ 1 ሴ.ሜ. ውሃ 1 ሚሊባር ገደማ ነውና። ሲሊንደሩን ዝጋ፣ ጥቂት ደቂቃ ታገሥ፣ ምልክት አድርግ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ተመልከት። ከወረደ በሳሙና አረፋ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ፈልግ፤ የሲሊንደሩን ራስና እሱን የያዘውን ጎሚኒም አትርሳ፣ ዩው እነሱን አይፈትሽም። ክብሪት እየለኮሱ መፈለግ ክልክል ነው። ይህ ሁሉ ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር ባይቻል እንኳ የሳሙናው ፍተሻ አይቀርም፤ ረጅም መንገድ ከተጎተተ በኋላ ግን ሙሉው ይደገም።

ሙቀት አጥኚ፦
ምድጃ ስትገዛ ነበልባሉ ሲጠፋ ጋዙን የሚዘጋ ቴርሞካፕል ያለውን ምረጥ። ሞክረው፦ ከሞቀ በኋላ እፍ ብለህ አጥፋው፣ በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ቀጭ ብሎ መዝጋት አለበት። የጋዝ ማስጠንቀቂያው ከወለል 15 እስከ 30 ሴ.ሜ.፣ የመርዝ ጭሱ (ካርቦን ሞኖክሳይድ) ማስጠንቀቂያ ራስ ቁመት ላይ። ባለ 6 ኪሎ የዱቄት እሳት ማጥፊያ በሩ ጋ ይሰቀል፣ ከምድጃው ጀርባ አይደለም።