የሰፈራችን ጣሊያን ቤት ከእድሳት በኋላ

ጠያቂ፦ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ያለው የጣሊያን ምግብ ቤት ታድሶ ተከፍቷል። ትናንት ጎራ አልኩ። የእንጨት ባንኮኒው በነጭ እብነ በረድ ተተክቷል፤ ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል። ላዛኛው ግን ያው ነው፦ ጠርዙ ቅጥል ያለ፣ ቤሻሜሉ (ነጩ የወተት ሶስ) ወፈር ያለ። ስፓጌቲው ጥርስ ላይ ያዝ አደረገኝ። የጾሙ ፓስታ ደግሞ ከሜኑ ጠፍቷል። እሮብና አርብ ምን ልንበላ ነው?

መልስ 1፦ የጾሙማ አለ! አልጻፉትም እንጂ አስተናጋጁን ጠይቂው። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ነው። ጣሊያኖች ፓስታ ጠንከር ሲል ነው የሚወዱት፤ እንደ ቤታችን እንዲለሰልስ ከፈለግሽ ስታዢ ንገሪያቸው።

መልስ 2፦ ዋጋውንስ አየሽው? 15 በመቶ ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ ሲደመርበት ኪስ ያራግፋል። እኔ ማኪያቶዬን ጠጥቼ ውልቅ።

ጠያቂ፦ አርብ ከእማዬ ጋር እሞክረዋለሁ። ጓሮው ጸጥ ይላል?

መልስ 1፦ ይላል። ከሰዓት ግን ፀሐዩ አይቻልም፤ ጥላ ያለበትን ቀድማችሁ ያዙ።