ስለ ወንድሜ የልብ ደም ቧንቧ ምክር እሻለሁ

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ታናሽ ወንድሜ ከሁላችንም ይረዝማል፤ ጣቶቹም መለሎ ናቸው፤ ሰፈሩ «ቅርጫት ኳስ ተጫወት» እያለ ሲገፋፋው ኖሯል። እንኳን አልሰማቸው! በልብ አልትራሳውንድ ሲታይ ከልቡ የሚነሳው ትልቁ ደም ቧንቧ ሥሩ ላይ 4.6 ሴንቲ ሜትር ሰፍቶ ተገኘ። ሐኪሙ ማርፋን ሲንድረም (ቁመትንና ጣትን የሚያስረዝም፣ በዘር የሚተላለፍ ችግር) ነው ብለዋል፤ የቧንቧውን ግድግዳ የሚያጸናው ፋይብሪሊን 1 የተባለው ፕሮቲን ጉድለት አለበት ማለት ነው። መድኃኒት ጀምሯል፤ ቀዶ ሕክምና ብዙ ጊዜ የሚታሰበው 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ እንደሆነም ተረድቻለሁ።

የጨነቀኝ ሌላ ነው። ችግሩ ከወላጅ ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው፤ ወንድሜ ደግሞ ትንሽ ሴት ልጅ አለችው። አባታችንም ያረፉት በድንገት ነበር። የዘር ምርመራ ባናገኝ፣ ለእኔና ለልጅቱ በየስንት ጊዜው አልትራሳውንድ ይበቃናል? እሱስ ብሎኬት መሸከሙን ዛሬውኑ ይተው? እንጀራው ያው ነው። የልብ ሐኪሞች ወይም በዚህ ያለፋችሁ፣ እባካችሁ መልሱልኝ።